ያልታረሰው መሀል

«እታለም፣ እርሻሽን አለፍሽው እኮ።»

ፍልፈል ይህን ያለው ችግኝ እንዳቀፈ ከታችኛው እርከን ቀና ብሎ ነው። ታላቅ እህቱ ከፊት፣ ጥማድ በሬዎቹ ከመሀል፣ ባለ በሬው ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ከኋላ ሆነው፣ ከምንጩ አጠገብ ያለውን መሬት ትተው ሽቅብ እየወጡ ነበር። ያ መሬት በቅርቡ በዕጣ የደረሳት ነው። አፈሩ ጥልቅ፣ ውሃው ቅርብ፣ ሰው ሁሉ «ይቺ ሴት ዕድሏ ተከፈተ» እያለ የቀናበት መሬት።

«አላለፍኩትም፤ ለወጥኩት» አለች ሳትቆም።

«ምን አደረግሽው?»

«ለወጥኩት። ያንን ለሸክላ ሠሪዋ ሰጥቼ የሷን ወሰድኩ። ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ያለውን፣ አንተ የሞላኸውን። ላስደንቅህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» አሁን ቆም ብላ ዞረችና ፈገግ አለች። «ሰው ከሞላው ለም መሬት ወንድሜ የሞላው ጭንጫ ይሻለኛል። ደግሞም ጭንጫ አይደለም፤ ሳሩን አይቼዋለሁ።»

ፍልፈል ችግኙን አስቀመጠ። አስቀመጠ ከማለት ጣለ ማለት ይቀላል፤ የአንዱ ሥር ከነአፈሩ ተበተነ።

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው። ነገር ግን ዕድሜውን ከመሬት በላይ ካሳለፈው ከመሬት በታች ያሳለፈው ስለሚበልጥ ፍልፈል አሉት፤ እሱም «አቤት» አለና በዚያው ቀረ። ወንድምዓለም የምትለው እህቱ ብቻ ናት። ተራራው ኤመራልድ ይወጣበት በነበረ ጊዜ፣ ያንን አረንጓዴ ድንጋይ ፍለጋ ከወገቡ እስከ ጫፉ እንደ ወንፊት በስተውታል። የተቆፈረው አፈርና ኮረት ቁልቁል ይደፋል፤ ቁልቁል ማን እንዳለ የሚጠይቅ አልነበረም። አንድ ክረምት ቁልሉ ተናደና የእህቱን እርሻ ከነቡቃያው ዋጠው። በዚያ ናዳ ውስጥ ፍልፈል በገዛ እጁ የደፋው አፈር እንዳለበት እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። «ዝናብ ነው» ብላ ተወችው። አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

ኋላ ቁፋሮው እንዲቆም ተባለና ተራራውን መልሶ የማልበስ ሥራ መጣ። ትናንት የቆፈረ ሁሉ ዛሬ እንዲሞላ ተቀጠረ። ጉድጓድ መሙላት ከመቆፈር የማያንስ ሙያ ነው። ከሥር ትልልቁ ድንጋይ ይገባል፤ ከዚያ ኮረቱ፣ ከዚያ ቀዩ አፈር እየተጠቀጠቀ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ሲቆፈር ለብቻው ተገልሎ የነበረው ጥቁር አፈር ይለብሳል። ተራው የተገለበጠ እንደሆነ መሬቱ አረም እንኳ አያበቅልም። በዚህ ሥራ ፍልፈልን የሚያህል አልተገኘም። ተቆጣጣሪዋ መሐንዲስ የሌላውን ሰው ጉድጓድ ሁለት ሦስቴ ዞራ ታያለች፤ የሱ ጋ ስትደርስ ግን «የፍልፈል ከሆነ ይለፍ» ትላለች። ከቋጥኙ ሥር ያለውም በዚሁ ቃል አልፏል። ያ ጉድጓድ ግን አልተሞላም፤ ተከደነ እንጂ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ጉድጓዱ ሊዘጋ ሲል እሱና ሸሪኩ የቀረ ዕቃቸውን ሊያወጡ ወርደው፣ ከግርጌው ግድግዳ ላይ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው አረንጓዴ ጅማት አለቱን ሰንጥቆ ሲሄድ አዩ። ስንት ዓመት ሙሉ ሲፈልጉት የኖሩት ነገር ሊሰናበቱት ሲሉ ብቅ አለ። ሸሪኩ ለሁሉ ነገር «ይደርሳል» ስለሚል ይደርሳል ነው የሚባለው፤ ያን ቀንም «እንዝጋው፣ ግን አንሙላው፤ ይደርሳል» አለ። አፉ ላይ ግንዲላ ረበረቡ፣ በግንዲላው ላይ ቆርቆሮ አነጠፉ፣ በቆርቆሮው ላይ አንድ ክንድ የሚሆን አፈር ጨምረው ሳር ተከሉበት። ተቆጣጣሪዎቹ ሲሄዱ፣ ክፉ ቀንም ሲመጣ፣ ይከፍቱታል። ባንክ ያስቀመጡ ያህል ነበር የተሰማቸው።

መሬቱ በዕጣ ለሰው እንደሚሰጥ ያን ጊዜ አልሰሙም። ከሰሙም በኋላ፣ ዕጣው ለሸክላ ሠሪዋ ሲወጣ፣ ፍልፈል «እሷ የት ታርሳለች፣ ሳር ብታጭድበት ነው» ብሎ ራሱን አባብሎ ተኝቷል። የሸክላ ሠሪዋ ነፍስ ከእህቱ ነፍስ የሚቀል ይመስል።

አቀበቱን ሮጦ ደረሰባቸው።

«እታለም፣ ዘንድሮስ ይቅርብሽ። አፈሩ ገና አልረጋም።»

«አንተ አይደለህ እንዴ፣ በደንብ ከተጠቀጠቀ ካልተነካው መሬት ይጠነክራል ያልከው?»

«እሱ... ሌላውን ነው።»

እህቱ ትንሽ አየችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ባለ በሬው እንዳይሰማ፣ «ወንድምዓለም፣ መሬቱን ለራስህ አስበኸው ከሆነ ንገረኝ። አልቀየምህም። ሄጄ እመልሰዋለሁ» አለችው።

ፍልፈል ፊቱ ጋለ። «አዎ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ከእህቱ አፍ ላይ ጉርሻ የሚነጥቅ ወንድም ሆኖ መታየትን አልቻለበትም፤ ገዳይ ሊሆን የተቃረበ ሰው ስስታም ላለመባል ተጨነቀ። «ኧረ በፍጹም። ምን ሊያደርግልኝ» አለ።

«የወንድምና የእህት ምክር ካለቀ» አለ ባለ በሬው ከኋላቸው፣ «እኔ ለነገ ለሌላ ሰው ቃል ገብቻለሁ። የምታርሱ ከሆነ ዛሬ ነው።»

«እናርሳለን» አለች እህቱ፣ ጉዞውንም ቀጠለች።

ይደርሳል ከቋጥኙ ወዲያ ማዶ የእርከን ካብ ይክባል። ፍልፈል በአቋራጭ ወጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«እህቴ እኛ ጉድጓድ ላይ በሬ ልታወጣ ነው።»

ይደርሳል የያዘውን ድንጋይ አገላበጠና የሚገጥምበትን ቦታ ፈለገለት። «ግንዲላው የባህር ዛፍ ነው። በሬ ቀርቶ ዝሆን ይሸከማል።»

«ሁለት ክረምት ወርዶበታል። ምስጥ በልቶት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አትቅበጥበጥ። ስትቅበጠበጥ ነው ሰው የሚጠይቀው።» ድንጋዩን ካቡ ላይ አኖረና በቡጢ መታ መታ አደረገው። «ምን አለበት፣ መሀሉን እንድታልፈው ንገራት። ከሥሩ ቋጥኝ አለ፣ ማረሻ ይሰብራል በላት። ዳር ዳሩን አርሳ ትበላለች፣ የኛም ባለበት ይቆያል።»

«ይሄን ሁሉ አድርጌያት ደግሞ ልዋሻት?»

«ውሸት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። በኋላ እንዳይቆጭህ።»

ፍልፈል ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ምክሩ ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለው። በሬ አይወድቅ፣ እህት አትቀየም፣ ጅማቱም ከእጅ አይወጣ። እንዲህ ሁሉንም የሚያስታርቅ ውሸት በየቀኑ አይገኝም።

ተመልሶ ሄደና ከመሬቱ መሀል ሰፋ አድርጎ ክብ ለካ፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረበት። ሲረግጥ ከዳር ዳሩ ነበር የሚረግጠው። እህቱ ከበሬዎቹ ጎን ቆማ ታየዋለች።

«ከዚህ ወደ ውስጥ አትግቡ። ከሥሩ ያላወጣነው ቋጥኝ አለ። ማረሻ ይሰብራል።»

«አንተ ካልክ እሺ» አለች።

በቃ። አልጠየቀችም፣ አልተከራከረችም። ፍልፈል «እንዴት አላወጣችሁትም?» ብትለው የሚመልሰውን አዘጋጅቶ ነበር፤ መልሱ ሳይፈለግ ቀረ።

እርሻው ተጀመረ። ባለ በሬው ጅራፉን አንዴ አጮኸ፣ ማረሻው ጥቁሩን አፈር እየገለበጠ ሄደ። አፈሩ ጥሩ ነበር። ከክቡ ውጭ ያለው ሁሉ በደንቡ የተሠራ ስለሆነ፣ ፍልፈል በሌላ ቀን ቢሆን በኩራት ያየው ነበር። ዛሬ ግን በሬዎቹ በተጠመዘዙ ቁጥር ሮጦ በእነሱና በድንጋዩ ክብ መካከል ይገባል፤ እጁን ዘርግቶ «ወዲያ፣ ወዲያ» ይላል።

«ፍልፈል» አለ ባለ በሬው በመጨረሻ፣ «ከበሬዎቹ ይልቅ አንተ ነህ የደከምከው። ና ቀንበሩን ላሸክምህና አንዱን ላሳርፈው።»

እህቱ ሳቀች። ጓል እየከሰከሰች፣ ጠጠር እየለቀመች ከትልሙ ኋላ ኋላ ትሄዳለች። ከናዳው ወዲህ የሰው እርሻ በቀን ሥራ ስታርም የኖረች ሴት ናት፤ የራሷን አፈር ስትረግጥ አረማመዷ ራሱ ተለውጧል። ታወራለች፤ ባቄላ ልትዘራበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዳር ዳሩ ሽንኩርት ትሞክራለች። ፍልፈል «ጥሩ ነው»፣ «ይሆናል» እያለ ይመልሳል። ደጋግሞ «ዛሬ ይለፍ ብቻ» ይላል ለራሱ። በሌላ ቀን እሱና ይደርሳል መጥተው፣ ከፍተው፣ ያለውን አውጥተው፣ እንደ ደንቡ ሞልተው ይሄዳሉ። ማንም ሳያውቅ ሁሉም ይስተካከላል። ይህ ሐሳብ የራሱ ሳይሆን የይደርሳል መሆኑን ግን ልብ አላለም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ባለ በሬው በሬዎቹን ፈቶ ከቋጥኙ ጥላ ሥር አቆማቸው። እህቱ ፍልፈልን ጀሪካን አስይዛ ወደ ምንጩ ላከችው። ቀላል መንገድ ነው፤ ወርዶ ቀድቶ ተመለሰ። እርሻው ዳር ሲደርስ ጀሪካኑ ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

እህቱ ከድንጋዩ ክብ መሀል ሳሩ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አንጥፋ ዳቦ ቆርሳለች።

«ና፣ እዚህ ይሻላል። ሌላው ሁሉ ትልም ሆኗል፤ ሳር የቀረው እዚህ ነው።»

«እታለም፣ ተነሺ ከዚያ።»

«ምነው፣ እባብ አለ?» ዙሪያዋን ቃኘት አደረገች። «ስማ፣ ቁጭ ብዬ ምን አሰብኩ መሰለህ። ካልታረሰ አይቀር፣ የጥበቃ ጎጆዬን እዚሁ ላይ ልሠራ ነው። ከሥሩ ቋጥኝ አለ አላልክም? ከቋጥኝ የጠነከረ መሠረት ከየት ይመጣል? ሰብሉ ሲደርስ ከልጆቹ ጋር እዚሁ እናድራለን።» ይህን ስትል ጥንካሬውን ልታሳየው መሬቱን በተረከዟ ደለቅ ደለቅ አደረገችው።

ድምፁ ለሷ ምንም አልነገራትም። ዕድሜ ልኩን መሬት ሲያዳምጥ የኖረው ወንድሟ ግን እንደ ከበሮ ነው የሰማው። ከሥሩ ያለው ባዶነት መለሰለት፤ ከነጠላዋ ጠርዝ አጠገብ ካለች ትንሽ ቀዳዳም አፈር ሲንሸራተት፣ ወደ ታች ሲፈስስ አየ። ቀስ ብሎ በሆዱ ተኛና ከክቡ ጠርዝ ላይ እጁን ዘረጋላት።

«እታለም፣ እንዳትቆሚ። እንደተቀመጥሽ ተንፏቀቂና እጄን ያዢ። ቀስ ብለሽ።»

«ዛሬ ምን ነክቶሃል አንተ ሰው» እያለች ልትስቅ ጀመረችና ፊቱን አየች። ሳቋ ቆመ። እንዳላት ተንፏቀቀች። እጇን ሲያገኝ ባለ በሌለ ኃይሉ ስቦ ትልሙ ላይ ጣላት።

ባለ በሬው እየሮጠ መጣ። ፍልፈል ለድንጋይ መፈንቀያ ያመጡትን ዲጂኖ አነሳና ከክቡ ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ሰነዘረ። ብረቱ አፈሩን በስቶ ቆርቆሮ መታ። የቆርቆሮው ድምፅ ሁሉም ጆሮ ገባ። ሁለተኛውን ሲደግም አንድ ግንዲላ ተሰበረ፤ ተሰበረ ከማለት እንደ ዱቄት በነነ። ሳሩ፣ ነጠላው፣ ዳቦው ባንድነት ሰመጡ። ትንሽ ቆይቶ ነው ከታች ድምፁ የመጣው።

ከጉድጓዱ የተዘጋ ቤት ሽታ ያለው ቀዝቃዛ አየር ወጣ። እህቱ በእጇና በጉልበቷ ቀርባ ወደ ውስጥ አየች፤ ከዚያ የተሰበሩትን ግንዲላዎች አንድ በአንድ አየች።

«ተረብርቦ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ቆርቆሮም ተነጥፎበታል።»

«አዎ።»

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ከታች ድንጋይ አለ። ላወጣው ብዬ ነው።»

እህቱ አልጮኸችም። ከዚያ ይልቅ ጎኑ ተቀመጠችና የመቀነቷን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች።

«ባልለውጣት ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «መሬቱ የሸክላ ሠሪዋ እንደሆነ ቢቀር፣ ትነግራት ነበር?»

ፍልፈል «እሷ የት ታርሳለች» ብሎ መተኛቱን አውጥቶ ለመናገር አፈረ። ዓይኑን ወደ ጉድጓዱ መለሰ። ለእህቱ ያ በቂ መልስ ነበር።

ይደርሳል ድምፁን ሰምቶ እያለከለከ ደረሰ። የተከፈተውን ጉድጓድ፣ ባለ በሬውን፣ ሁለቱን ወንድምና እህት በየተራ አየና ፊቱን አሳመረ። «እሰይ፣ ሰው ከተረፈ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» አለ። «እንግዲህ ከተከፈተ አይቀር፣ አንዴ ወርደን ያለውን እናውጣ። እሷም ድርሻዋን ትውሰድ፤ ባለ በሬውንም አንረሳውም። ከዚያ በደንቡ እንሞላዋለን። ምን ይመስልሃል?»

ባለ በሬው ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ በሬዎቹ አየ። እህቱ ደግሞ ወንድሟን አየች፤ ምን እንደሚል በእርግጥም እንደማታውቅ ሰው።

ፍልፈል ያንን ጅማት በሐሳቡ ስንት ጊዜ እንዳወጣው ራሱም አያውቅም። ቤቱን አድሶበታል፣ ሚስቱን አሳክሞበታል፣ አልፎ አልፎም በደጉ ቀን ለእህቱ መሬት ገዝቶበታል። አሁን ግን የሚታየው ከታች፣ ከጅማቱ ሥር የወደቀው ነጠላ ብቻ ነበር።

«ካብህን አፍርስ» አለው ይደርሳልን። «ትልልቁን ድንጋይ ወደዚህ ማንከባለል ጀምር። እስክንሞላውም ሰውም ከብትም እንዳታስጠጋ።»

«ጅማቱስ?»

«ከድንጋዩ ሥር ይሆናል።»

«አሁን እንዲህ ትላለህ፣ ነገ...»

«አንከባል አልኩህ።»

ይደርሳል እያጉረመረመ ሄደ። ባለ በሬውም ነገሩ ሲከብድ ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። እህቱ ተነሳችና ከቀሚሷ ላይ አፈሩን አራገፈች።

«ሌላስ አለ?» አለች።

«የለም። ይሄው አንዱ ነው።»

እውነቱን ነበር። ከዚህ በቀር የሞላው ሁሉ እንደ ደንቡ የተሞላ ነው። እህቱ ግን «እሺ» አላለችም። ጠዋት እንደ ውሃ የፈሰሰላት «አንተ ካልክ» አሁን አልመጣም። ቁልቁል፣ እርከን በእርከን፣ ወንድሟ የሞላቸውን መሬቶች ተራ በተራ ስታይ ቆየች፤ በአንዳንዶቹ ላይ ሰው ያጭዳል፣ በአንዳንዶቹ ላይ ችግኝ ይተከላል። ፍልፈል በእናታችን አጽም ብሎ ሊምል ከአፉ ደርሶ መለሰው። የሚምልበት ምንም ነገር የቀረው አልመሰለውም። ናዳው እርሻዋን ሲወስድ ያልወሰደውን፣ እሱ ዛሬ በአንድ ክንድ አፈር ወሰደባት። ይህን ሲያውቅ ጥፋቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልኩን አገኘ።

ዲጂኖውን ከመሬት አንስቶ ያልሾለ ጫፉን ወደሷ አዞረ።

«እኔ የሞላሁትን ሁሉ አሳይሻለሁ» አለ። «አንቺ ራስሽ ውጊው። ቆርቆሮ ከመታሽ ትሰሚዋለሽ።»

ተቀበለችው። ከበዳት፤ ግን ሊያግዛት የዘረጋውን እጅ በክንዷ ገፋችው። «ከየትኛው ልጀምር?»

ሁለት መንገድ ነበረው። ከቋጥኙ ወዲያ ማንም የማያይባቸው ሦስት አራት ጉድጓዶች አሉ፤ ከእነሱ ተጀምሮ ቀስ እያሉ ሲወረድ ይመሻል፣ ሲመሽም ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል። ፍልፈል ወደ ታች አመለከተ። ተቆጣጣሪዋ መሐንዲስ ሠራተኛውን ሰብስባ ችግኝ ወደምታስተክልበት፣ እሱም ጠዋት የያዘውን ጥሎ ወደሮጠበት እርከን።

«ከዚያኛው።»

እህቱ ፀሐዩን በእጇ ከልላ አየች።

«እዚያ ሰው አለ እኮ። ሴትዮዋም አለች። ምን እየወጋሽ ነው ብላ ትጠይቀኛለች።»

«አውቃለሁ» አለና፣ ቀድማው እንድትወርድ መንገዱን ለቀቀላት።